አራት ፕላኔቶቹ በካሜራ የታዩለት ኮከብ

ኢትዮጵያ ስም ያወጣችለት ፕላኔት አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው ያለ ፕላኔት ሰጥቶ ስም እንዲያወጡላቸው ጋብዞ ነበር። ለእኛ የደረሰን በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ የሚገኝ ኮከብ ሲሆን እሱ «ቡና»፣ ፕላኔቱ ደግሞ «አቦል» ተባለ። አቦል ክብደቱ ከጁፒተር ቢያንስ አራት እጥፍ የሚሆን ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ነው፤ ኮከቡን አንድ ጊዜ ዞሮ ለመጨረስ 1 ሺህ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ያህል እየተነገረለት ግን አቦልን ያየው ሰው የለም። ኮከቡ አንዴ ወደ እኛ ቀረብ፣ መልሶ ራቅ እያለ በጣም በጥቂቱ ሲወዛወዝ በብርሃኑ ላይ የሚፈጠረውን ለውጥ ለክተው፣ የሚጎትተው አንድ ከባድ ነገር በዙሪያው መኖር አለበት ብለው ነው ተመራማሪዎች የደረሱበት።

ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጪ ያሉ ፕላኔቶች ቁጥር በመዝገብ ከ6 ሺህ አልፏል። የአብዛኞቹም ታሪክ እንደ አቦል ነው፤ አንዳንዶቹ ኮከባቸውን በመጎተታቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ በኮከባቸው ፊት ሲያልፉ ብርሃኑን ለጥቂት ሰዓታት በመቀነሳቸው ታውቀዋል። የራሳቸው ብርሃን ተለይቶ ፎቶ የተነሡት ግን መቶ አይሞሉም። ከእነዚህ አንዱን መርጠህ አስረዳ ብባል የምመርጠው ኤችአር 8799 የተባለውን ኮከብና አራቱን ግዙፍ የጋዝ ፕላኔቶቹን ነው። አንድ ሙሉ ቤተሰብ በአንድ ፎቶ ላይ ይታያል፤ እየዞሩ መሆናቸውንም ዓመት በዓመት የተነሡት ምስሎች ይመሰክራሉ። ከሁሉም በላይ የራሳቸው ብርሃን እጃችን ስለገባ ከምን እንደተሠሩ መጠየቅ እንችላለን።

ኮከቡ የሚገኘው በፔጋሰስ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ፣ ከእኛ 133 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ ነው። ዛሬ ከእሱ የሚደርሰን ብርሃን ጉዞ የጀመረው ከዓድዋ ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው ማለት ነው። ፔጋሰስ ከኢትዮጵያ በሚገባ ይታያል። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በሚጠራበት በጥቅምት አጋማሽ ከምሽቱ 3 እና 4 ሰዓት መካከል ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው አናት ላይ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ ያገኘዋል። መለያው ትልቅ አራት ማዕዘን የሚሠሩት አራት ኮከቦች ናቸው፤ ኤችአር 8799 በዚህ አራት ማዕዘን ውስጥ፣ ከምዕራባዊ ጠርዙ አጠገብ ነው። ድምቀቱ ዓይን ያለ መሣሪያ ሊለየው በሚችለው የመጨረሻ ወሰን ላይ ስለሆነ በከተማ መብራት መሀል ሆኖ መፈለጉ ከንቱ ድካም ነው። መብራት በሌለበት ገጠር፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ባይኖኩላር ለያዘ ሰው ግን አያስቸግርም። ከኮከቡ በስተቀር ሌላ ነገር አይታየውም እንጂ።

እዚያው ሠፈር፣ ሁለት ዲግሪ ተኩል በማይሞላ ክፍተት፣ 51 ፔጋሲ የተባለ ሌላ ኮከብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 ስዊዘርላንዳውያኑ ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያውን ፕላኔት ያገኙት እዚያ ነው፤ በ2019 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። እነሱም ፕላኔቱን አላዩትም፤ የኮከቡን መወዛወዝ ነው የለኩት። በዚህች ጠባብ የሰማይ ክፍል ውስጥ በመወዛወዝ የታወቀው ቀዳሚ ፕላኔትና በፎቶ የታየው ቀዳሚ የፕላኔቶች ቤተሰብ ጎረቤት ሆነው መገኘታቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ኮከቦቹ ራሳቸው በሰማይ ጥልቀት እጅግ የተራራቁ ናቸው።

ስለ ስያሜው አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ኤችአር የደማቅ ከዋክብት መዝገብ መለያ ሲሆን 8799 በመዝገቡ ውስጥ ያለው ተራ ቁጥር ነው። ፕላኔቶቹ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ ይባላሉ። ፊደሉ የሚሰጠው በተገኙበት ቅደም ተከተል እንጂ ከኮከቡ ባላቸው ርቀት አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያ የታየው ቢ ከሁሉ የራቀው ነው፤ በመጨረሻ የተገኘው ኢ ደግሞ ከሁሉ የቀረበው። ይህን ያልያዘ ሰው ስለ እነሱ የሚጻፈውን ሁሉ ገልብጦ ይረዳዋል።

ፕላኔትን ፎቶ ማንሣት የሚያከብደው ሁለት ነገር ተደራርቦ ነው። አንደኛው የድምቀት ልዩነት ነው። ሥርዓተ ፀሐያችንን ከሩቅ ለሚያይ ዓይን ፀሐይ ከጁፒተር አንድ ቢሊዮን ጊዜ ገደማ ትደምቃለች። ሁለተኛው መጠጋጋት ነው። ሰማይ ላይ ያለ ክፍተት የሚለካው በዲግሪ ነው፤ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛው እጅ አርክ ሰከንድ ይባላል። ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳንቲም ከ4 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ አንድ አርክ ሰከንድ ያህል ነው። ከሁሉ የራቀው ፕላኔት ቢ ከኮከቡ የሚለየው ሁለት አርክ ሰከንድ በማይሞላ ክፍተት ሲሆን፣ የኢ ክፍተት ከዚያ ሳንቲም ግማሽ እንኳ ያንሳል።

ታዲያ እነዚህ አራቱ እንዴት ታዩ? መልሱ ያለው ዕድሜያቸው ላይ ነው። ኮከቡ ከተወለደ 30 ወይም 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። የሰሜን ተራሮችን የሠራው ቅልጥ ድንጋይ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ስናስብ፣ እነዚህ ፕላኔቶች ከተራሮቻችን ብዙም አይበልጡም። 4.6 ቢሊዮን ዓመት ካስቆጠረችው ፀሐይ ጋር ሲተያዩ ገና አራስ ናቸው። ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ሲወለድ ያን ሁሉ ጋዝ በስበቱ ወደ ራሱ ስለሚሰበስብ፣ የወደቀውም ጋዝ ስለሚጨማደድ በጣም ይግላል። ሙቀቱን የሚያወጣው በብዙ መቶ ሚሊዮንና ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው። ጁፒተር እንኳ እስከ ዛሬ ከፀሐይ ከሚቀበለው የበለጠ ሙቀት ይለቃል። የኤችአር 8799 ፕላኔቶች ሙቀት በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ዳር ላይ ያለው ቢ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል። ከኮከባቸው የሚደርሳቸው ብርሃን ለዚህ ሙቀት ያለው ድርሻ ኢምንት ነው።

እንዲህ የጋለ ነገር አብዛኛውን ጨረሩን የሚለቀው በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይናችን በማያየው ታህተ ቀይ ብርሃን ነው። በዚያ ብርሃን ሲታይ ኮከቡ ከፕላኔቶቹ የሚበልጠው አንድ ቢሊዮን ጊዜ ሳይሆን ከ10 ሺህ እስከ 100 ሺህ ጊዜ ያህል ነው። አሁንም ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሊደረስበት የሚችል ልዩነት ነው። በዚያ ላይ ከኮከባቸው በጣም የራቁ ናቸው። ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር እንደ አንድ መለኪያ ብንይዝ፣ ኢ 16፣ ዲ 26፣ ሲ 42፣ ቢ ደግሞ 70 ገደማ ላይ ናቸው። የእኛዋ የመጨረሻ ፕላኔት ኔፕቱን ያለችው 30 ላይ ነው።

ከዚህ አንድ ጥንቃቄ ይከተላል። በፎቶ የሚታዩት ፕላኔቶች በአብዛኛው ወጣት፣ ግዙፍና ከኮከባቸው የራቁት ናቸው። አንድ ዜና «ምድርን የመሰለ ፕላኔት ፎቶ ተነሣ» ቢላችሁ ለአሁኑ አትመኑት። ብዙ ጊዜ አብሮ የሚወጣው ሰማያዊና አረንጓዴ ምስል ሠዓሊ በግምት የሠራው ነው።

አሁን ወደ ዘዴው እንግባ፤ ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ የሚጥመው ይህ ነው። ሥራው የተሠራው በሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ ባሉት የኬክና የጀሚናይ ቴሌስኮፖች ነው። የኬክ መስታወት ስፋቱ 10 ሜትር፣ የጀሚናይ ደግሞ 8 ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ጠላት የራሳችን አየር ነው። ከዋክብት ብልጭ ድርግም የሚሉብን አየሩ ስለሚናወጥ ነው፤ ያው መናወጥ የኮከቡን ብርሃን በትኖ ፕላኔቶቹን ይውጣቸዋል። ይህን ለማስተካከል ቅርጹን በሴኮንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ የሚቀያይር ተጣጣፊ መስታወት አለ፤ አየሩ ያጣመመውን ብርሃን እየተከተለ ያቃናል።

አየሩ ቢታረምም ሌላ ችግር ይቀራል። መስታወቶቹና ሌንሶቹ ፍጹም ስላልሆኑ በኮከቡ ዙሪያ በመቶ የሚቆጠሩ የብርሃን ነጠብጣቦች ይፈጠራሉ። መጥፎነታቸው እያንዳንዳቸው ፕላኔት መምሰላቸው ነው። ካናዳዊው ክርስቲያን ማርዋና ባልደረቦቹ ያዳበሩት ብልሃት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ምድር ስትሽከረከር በቴሌስኮፕ ውስጥ የሚታየው የሰማይ ክፍል በማዕከሉ ባለው ኮከብ ዙሪያ ቀስ እያለ ይዞራል። እንደ ወትሮው ከሆነ ምስሉ እንዳይዞር ካሜራውን አብሮ የሚያዞር መሣሪያ ይሠራል። እነሱ ይህን ማካካሻ ተዉት። ነጠብጣቦቹ የመጡት ከመሣሪያው ስለሆነ ካሜራው ላይ ባሉበት ይቆማሉ፤ እውነተኛ ፕላኔት ካለ ግን ከሰማዩ ጋር ይዞራል። ለአንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ በተከታታይ ብዙ ምስል ይነሣል። ከዚያ በሁሉም ምስሎች ላይ ያልተንቀሳቀሰው ተለይቶ ከእያንዳንዱ ምስል ይቀነሳል። የቀረው እንደገና ሰሜኑ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሆን እየዞረ ይደመራል። ነጠብጣቦቹ ይጠፋሉ፤ ፕላኔቶቹ ደምቀው ይወጣሉ።

ነጥብ መታየቱ ግን ፕላኔት ለመባል አይበቃም። ከኮከቡ ኋላ እጅግ ርቆ ያለ ሌላ ኮከብ በአጋጣሚ በዚያ አቅጣጫ ታይቶ ሊሆን ይችላል። ኤችአር 8799 እንደ ማንኛውም ቅርብ ኮከብ ከዓመት ዓመት በሰማይ ላይ ቦታውን በጥቂቱ ይቀይራል። ኋላ ያለ ኮከብ ከሆነ አብሮት አይሄድም። ነጥቦቹ አብረውት ሄዱ፤ ያ ብቻ ሳይሆን ለራሳቸውም በዙሪያው በአንድ አቅጣጫ ሲዞሩ ተገኙ። ጥርጣሬው ያኔ ተዘጋ። የሦስቱ ፕላኔቶች ግኝት ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 2008 ነው፤ አራተኛው ኢ በ2010 ተጨመረ።

በዚያው ቀን ሌላ ቡድን ፎማልሃውት በተባለው ደማቅ ኮከብ ዙሪያ በሃብል ቴሌስኮፕ ያየውን ነጥብ ፕላኔት ነው ብሎ ነበር። የሁለቱ ዕጣ ተለያየ። የፎማልሃውቱ ነጥብ በኋለኞቹ ዓመታት እየሰፋና እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ፤ ዛሬ ብዙዎች የሚያምኑት ሁለት በረዷማ አካላት ተጋጭተው የበተኑት የአቧራ ደመና እንደነበረ ነው። ኤችአር 8799 ግን ባዩት ቁጥር አራቱም ባሉበት መንገድ ላይ ይገኛሉ። እንዲያውም ወደ ኋላም ተገኝተዋል። ሃብል እ.ኤ.አ. በ1998 ይህን ኮከብ ፎቶ አንሥቶት ነበር፤ በጊዜው በነበረው ዘዴ ምንም አልታየም። ግኝቱ ከተሰማ በኋላ ምስሉ ከማኅደር ወጥቶ በአዲስ ስሌት ሲመረመር መጀመሪያ ቢ፣ ቆይቶም ሲ እና ዲ እዚያ ውስጥ ተገኙ። ከአሥር ዓመት በላይ በመዝገብ ቤት ተቀምጠው ነበር። ይህ ለአስተዋይ ተማሪ ደስ ሊለው ይገባል፤ አሮጌ መረጃ አዲስ ዘዴ ይዞ ለሚመጣ ሰው ክፍት ነው።

አሁን ደግሞ ክብደታቸው። የአቦልን ክብደት ኮከቡ ምን ያህል እንደተወዛወዘ አይቶ መገመት ይቻላል። እዚህ ግን ይህ መንገድ አስቸጋሪ ነው። የፕላኔቶቹን መንገድ የምናየው ከላይ ወደ ታች ሊባል በሚችል አቅጣጫ ነው፤ ኮከቡም የሚወዛወዘው ወደ እኛ ሳይሆን ይበልጡን ወደ ጎን ነው። በተጨማሪም በራሱ ብርሃኑ የሚርገበገብ ኮከብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ግምት የተሠራው ከድምቀታቸው ነው። ጋዙ እየቀዘቀዘ የሚሄድ በመሆኑ ዕድሜውንና ድምቀቱን ያወቀ ሰው ክብደቱን በስሌት ያወጣል።

ችግሩ ግን ዕድሜው ነበር። ኮከቡ ወጣት ከሆነ፣ አሁን ያላቸውን ድምቀት ለማሳየት ከጁፒተር አምስት ወይም ሰባት እጥፍ ክብደት ይበቃቸዋል። አሮጌ ከሆነ ግን ይህን ያህል ጊዜ ሙቀታቸውን ጠብቀው ለመቆየት በጣም ከባድ መሆን ነበረባቸው፤ ከጁፒተር 13 እጥፍ ካለፉ ደግሞ ቡናማ ድንክ ወደሚባሉት፣ ኮከብም ፕላኔትም ወዳልሆኑት አካላት ይገባሉ። በኮከቡ መርገብገብ ላይ የተመሠረተ አንድ ጥናት ዕድሜው ከቢሊዮን ዓመት ሊያልፍ ይችላል የሚል ውጤት አምጥቶ ነበር። ያ እውነት ቢሆን ኖሮ ሙሉው ታሪክ በተቀየረ ነበር።

ክርክሩን ያጠበበው የፕላኔቶቹ እርስ በርስ መጎተት ነው። አራት እንዲህ ያሉ ግዙፍ አካላት በአንድ ኮከብ ዙሪያ ሲኖሩ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ኮምፒውተር ላይ እንደዘፈቀደ አስቀምጠው ወደፊት ቢያስኬዷቸው፣ ኮከቡ ከኖረው ዕድሜ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መንገዳቸው ይመሳቀልና ከመካከላቸው አንዱ ወደ ጠፈር ይወረወራል። ክብደታቸው በጨመረ ቁጥር ይህ ይፈጥናል። ቡናማ ድንክ የሚያህሉ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ አራቱንም አናያቸውም ነበር። ለመቆየታቸው ከሁሉ የሚስማማው ማብራሪያ የዙረታቸው ጊዜ የተቀናጀ መሆኑ ነው። ቢ አንድ ጊዜ ዞሮ ሲጨርስ ሲ ሁለት፣ ዲ አራት፣ ኢ ደግሞ ስምንት ጊዜ ያህል ይዞራሉ። ይህ በሥነ ፈለክ ሬዞናንስ ይባላል። እንዲህ ሲሆን ፕላኔቶቹ የሚቀራረቡበት ቦታና ጊዜ በሥርዓት ስለሚደጋገም አደገኛ በሆነ ቦታ ላይ አይገናኙም። ኢ ዙሩን የሚጨርሰው ከ45 እስከ 50 ዓመት ባለው ጊዜ ሲሆን ቢ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

በ2021 ደግሞ ቀጥተኛ ልኬት መጣ። ሂፓርኮስና ጋያ የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በሁለት አሥርት ዓመታት ልዩነት የለኩት የኮከቡ አቀማመጥ ሲነጻጸር፣ ፕላኔቶቹ ወደ ጎን ምን ያህል እንደጎተቱት ታወቀ፤ የኢ ክብደት ከጁፒተር ዘጠኝ ወይም አሥር እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከ13 በታች ነው። ፕላኔቶች ናቸው።

በማኅበራዊ ሚዲያ በተደጋጋሚ የሚዞር አንድ አጭር ቪዲዮ አለ። አራት ነጥቦች በአንድ ጥቁር ክብ ዙሪያ ሲንቀሳቀሱ ያሳያል። ብዙ ሰው በኮምፒውተር የተሠራ ይመስለዋል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጄሰን ዋንግ በኬክ ቴሌስኮፕ በተለያዩ ዓመታት የተነሡትን ምስሎች አቀናብሮ የሠራው እውነተኛ ምስል ነው፤ የመጀመሪያው የሰባት ዓመት፣ ኋላ የወጣው ደግሞ የ12 ዓመት ክትትል ነው። በምስሎቹ መካከል ያለው ክፍተት እንቅስቃሴው እንዳይቆራረጥ በስሌት ተሞልቷል። መሀል ላይ ያለው ጥቁር ክብ የኮከቡ ብርሃን የተከለለበት ቦታ ነው። ቀለሙም ኢንፍራሬድ ለዓይናችን እንዲታይ የተሰጠ እንጂ እዚያ ብንገኝ የምናየው አይደለም።

በ12 ዓመት ውስጥ ኢ የዙሩን ሩብ ያህል ተጉዟል፤ ቢ ግን ከቦታው የተነቃነቀ አይመስልም። አንድን ሙሉ የቢ ዙር ለመከታተል ብዙ ትውልድ ያስፈልጋል።

የፎቶው ትልቁ ጥቅም ግን ውበቱ አይደለም። የፕላኔቱ ብርሃን ከኮከቡ ከተለየ በኋላ በሞገድ ርዝመቱ ሊበተን ይችላል። እያንዳንዱ ጋዝ የሚውጠው የብርሃን ክፍል የታወቀ ስለሆነ በከባቢ አየሩ ውስጥ ያለውን ማንበብ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በኬክ ቴሌስኮፕ የተሠራ ጥናት በፕላኔት ሲ ከባቢ አየር ውስጥ ውኃና ካርቦን ሞኖክሳይድ መኖሩን አሳየ። ውኃ ሲባል በዚያ ሙቀት እንፋሎት ነው፤ ባሕር የሚይዝ መሬትም የለም። በ2019 በቺሊ የሚገኙ አራት ትልልቅ ቴሌስኮፖችን ብርሃን አጣምሮ የሚሠራው ግራቪቲ የተባለው መሣሪያ ፕላኔት ኢን ሲመለከት ደግሞ የብረትና የድንጋይ ብናኝ ደመናዎች ያሉበት፣ በነፋስ የሚናጥ ከባቢ አየር አገኘ። በዚያ ሙቀት ብረት ከእንፋሎት ወደ ጠብታ የሚለወጥበት ከፍታ አለ። ከላይ ወደ ታች የሚያገላብጠው ነፋስ በጣም ኃይለኛ ከመሆኑ የተነሣ በዚያ ሙቀት ሊበዛ ይገባው የነበረው ሚቴን በጥቂቱ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ከታች የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ሚቴን ለመለወጥ ጊዜ አያገኝም።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የታተመው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ውጤት ነገሩን ወደ ሌላ ጥያቄ አሻገረው። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በዊልያም ባልመር የተመራው ቡድን በፕላኔቶቹ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አገኘ። ከምድር ሆኖ ይህን ማየት አይቻልም፤ ያንን የብርሃን ክፍል የራሳችን አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይውጠዋል። ስለዚህ ከአየሩ በላይ ያለ ቴሌስኮፕ ግድ ነበር። የጋዙ መገኘት ለምን ይህን ያህል ያስደስታል ቢባል፣ የከባድ ንጥረ ነገሮችን መጠን ስለሚናገር ነው። በሥነ ፈለክ ቋንቋ ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም የከበደ ሁሉ ከባድ ነው። ከባቢ አየሩ በካርቦንና በኦክስጅን ትንሽ ሲበለጽግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ይጨምራል፤ ስለዚህ ጥሩ መመዘኛ ነው።

ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት እንዴት ይወለዳል በሚለው ላይ ሁለት ዋና አስተሳሰቦች አሉ። አንደኛው ከታች ወደ ላይ ነው። በወጣት ኮከብ ዙሪያ ካለው የጋዝና የአቧራ ሰሌዳ ውስጥ ድንጋይና በረዶ እየተጠራቀመ ጠንካራ እምብርት ይሠራል፤ እምብርቱ ከመሬት አሥር እጥፍ ያህል ሲከብድ ስበቱ በዙሪያው ያለውን ጋዝ በፍጥነት ይሰበስባል። ጁፒተርና ሳተርን እንዲህ እንደተሠሩ ይታመናል። ሌላው ከላይ ወደ ታች ነው። ሰሌዳው ከባድና ቀዝቃዛ ከሆነ አንዱ ክፍሉ በራሱ ስበት ተሰብስቦ በአንድ ጊዜ ፕላኔት ይሆናል፤ ኮከብ እንደሚወለደው ማለት ነው። በሁለተኛው መንገድ የተወለደ ፕላኔት በንጥረ ነገር ይዘቱ ኮከቡን መምሰል አለበት። የዌብ ውጤት ግን ፕላኔቶቹ ከኮከባቸው ይልቅ በከባድ ንጥረ ነገሮች የበለጸጉ መሆናቸውን ያመለክታል። ይህ የመጀመሪያውን መንገድ ይደግፋል።

ነገሩ ግን በዚህ አይዘጋም። በእምብርት የሚጀምረው አወላለድ ጊዜ ይወስዳል፤ ከኮከቡ በራቀ ቁጥር ደግሞ የሚሰበሰበው ቁስ እየሳሳ፣ ዙሩም እየዘገየ ስለሚሄድ ይበልጥ ይጓተታል። በኮከብ ዙሪያ ያለው ጋዝ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ተበትኖ ያልቃል። ቢ ባለበት ርቀት ይህን ያህል ግዙፍ ፕላኔት በዚያ ጊዜ እንዴት ደረሰ? አንዱ ሐሳብ ጠጠር የሚያህሉ ቅንጣቶች በጋዙ ውስጥ ሲንሸራተቱ እምብርቱ እየጠራረገ በፍጥነት ያድጋል የሚል ነው። ሌላው ሐሳብ ፕላኔቶቹ የተወለዱት አሁን ባሉበት ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው፤ ጋዙ እያለ ቦታ ቀይረው አንዱ ሌላውን እየያዘ በዚያ በተቀናጀ ዙር ውስጥ ገቡ። ሬዞናንሱ ራሱ ለዚህ ጥሩ ምስክር ይመስለኛል፤ ባሉበት ተወልደው በአጋጣሚ እንዲህ ይሰለፋሉ ማለት ይከብዳል።

በነገራችን ላይ ይህ ቤተሰብ የእኛን ሥርዓተ ፀሐይ ይመስላል ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ አነጋገራቸውም ከንቱ አይደለም። ከፕላኔቶቹ ውስጥ ሞቃት የአቧራ ቀበቶ፣ ከውጪ ደግሞ እጅግ ሰፊ የበረዶና የአቧራ ቀበቶ አለ፤ እኛም በማርስና በጁፒተር መካከል፣ ከኔፕቱንም ወዲያ እንዲሁ ሁለት ቀበቶዎች አሉን። ኮከቡ ከፀሐይ አምስት እጥፍ ያህል ስለሚደምቅ የሚደርሳቸው ብርሃን ከእኛ ጋር እንዲተካከል ርቀቶቹን በግማሽ ገደማ አጥበን ብናያቸው፣ አራቱ ፕላኔቶች ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስና ኔፕቱን በሚገኙበት አካባቢ ይውላሉ።

ከኢ ወደ ውስጥ ያለው ቦታ ገና በደንብ አልታየም። አምስተኛ ፕላኔት ካለ በዚያው የቁጥር ሥርዓት የት ሊሆን እንደሚችል አስልተው የፈለጉ ተመራማሪዎች አሉ፤ እስካሁን ከጁፒተር በብዙ እጥፍ የሚከብድ ነገር አላገኙም። ከዚያ የሚያንስ ካለ ከኮከቡ ብርሃን ለመለየት አሁን ካሉት የሚበልጥ መስታወት ያስፈልጋል። በቺሊ በረሃ እየተገነባ ያለው ባለ 39 ሜትር ቴሌስኮፕ ከታሰበለት ሥራ አንዱ ይህን የመሰለ ፍለጋ ነው።